ይርዳውና ፍሬን ሲያዝ የምትንዘፈዘፈው ሚኒባስ

ጋሽ ይርዳው መኪና ሊፈትሽ ሲገባ ጫማውን ያወልቅ ነበር። የማያውቀው ሰው መስጊድ የገባ ይመስለዋል። ሰውዬው ግን ክርስቲያን ነው፤ ያውም ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ ክርስቲያን። ካልሲውንም አውልቆ፣ ባዶ እግሩን መኪናው ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «በል ንዳ» ይላል። ከዚያ በኋላ ማውራት ክልክል ነው። የሳለ ሰው ይገላመጣል። መኪናው የሚለውን ሁሉ በውስጥ እግሩ ሰምቶ ሲያበቃ ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው። ነገሩ ካላማረው በባዶ እግሩ ወርዶ መፍቻ ይፈልጋል። ካማረው ጫማውን ያደርጋል። መካነ ሰላም ውስጥ ሾፌር ሁሉ የሚጠብቀው የይርዳውን አፍ ሳይሆን የይርዳውን ጫማ ነበር።

እኔ አድማሴ እባላለሁ። ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እለጥፋለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ ሲደመር ሰባት ዓመት ነው፣ ስለዚህ ራሴን የምቆጥረው ሰባተኛን እንደጨረሰ ሰው ነው። የእኔን ቤትና የይርዳውን ጋራዥ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። ቆርቆሮው የእሱ ነው፤ ቀዳዳው የእኔ። አሁን የማወራላችሁ ግማሹ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው፣ ግማሹ በቀዳዳው የገባ ነው።

ይርዳው የደርግ ወታደር ነበር። ተኳሽ አይደለም፤ የጦሩን ካሚዮን የሚጠግን። በሰማንያ ሦስት ኢሕአዴግ ሲገባ፣ ጦሩ ሲበተን፣ ከሰሜን በኩል በእግሩ መጣ። ጓደኞቹ ብርድ ልብስ ተሸክመው ሲመጡ እሱ የመፍቻ ቦርሳ ተሸክሞ መጣ። እናቱ አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይተህ ብረት ብቻ ይዘህ መጣህ?» አሉት።

«እማ፣ ይሄኛው ብረት አይተኩስም» አላቸው።

እኔ አልነበርኩም። ግን እንደነበርኩ ሆኜ ብዙ ጊዜ ስላወራሁት አሁን የነበርኩ ይመስለኛል።

ያኔ መካነ ሰላም መካኒክ ነበራት እንጂ መኪና አልነበራትም ማለት ይቻላል። በሳምንት አንድ አይሱዙ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ ይርዳው ወፍጮ ሠራ፣ የስፌት መኪና ሠራ፣ ሬዲዮ ሠራ። አንድ ጊዜ የሚስቱን እህት ጥርስ በፒንሳ ነቅሏል፤ ያንን ግን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ቀስ በቀስ ሚኒባሱም ጭነት መኪናውም በዛ። መንገዱ ግን ያው ጠጠር ነው።

ያ ጠጠር ዛሬ ዛሬ ይናፍቀኛል። ከመካነ ሰላም ተነስቶ ደሴ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ስለሚጓዝ፣ ሲወርድ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር ልጅ ለልጅ ሊያጋባ ተነጋግሮ ነው የሚወርደው። መንቀጥቀጥም እንደሆነ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ተሳፋሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጣራ ላይ የታሰረችው ዶሮ ትንቀጠቀጣለች። የታመመ መኪናና ያልታመመ መኪና ልዩነት አልነበራቸውም። ስለ እኩልነት ስብሰባ ሲጠሩን፣ እኔ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ መንገድ ነበር።

ኋላ አስፋልቱ ከደሴ በኩል እየተጎተተ መጣ። መንገዱ ዝም ሲል የየመኪናው ጉድ መሰማት ጀመረ።

አንድ ቀን ሼህ በሽር ሚኒባሱን እኔ በር ላይ አቆመ። ሼህ የምንለው እንኳ ስለሚገባው ነው። አባቱም ወንድሞቹም ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ማለት የሚያስተምሩ፣ ናቸው፤ እሱም ተምሯል፤ ግን ልቡ ወደ መሪ ነው ያዘነበለው። ወንድሞቹ፣ «እኛ ሰውን ወደ ጀነት፣ አንተ ወደ ደሴ» እያሉ ይቀልዱበታል። የሰላት ሰዓት ከደረሰ የትም ይሁን የት መኪናውን ዳር ያስይዛል። ተሳፋሪው ለምዶታል። የእኛም ሰው እሱ እስኪሰግድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በሶውን ይበጠብጣል።

መኪናዋን የገዛችው ልጁ ናት፤ ሩፋይዳ። ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ፣ ገዝታ፣ መጥታ አረፈች። አረፈች ስላችሁ ተቀመጠች ማለቴ አይደለም። ራሷ ረዳት ሆና በሩን ያዘች። «ደሴ! ደሴ የሞላ! ና ግባ አንተ፣ በር ላይ ምን ይገትርሃል!» ስትል ድምጿ እስከ ገበያው ይሰማል። መጀመሪያ ሰው ጉድ አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ «የሴት ልጅ ረዳት አይተን አናውቅም» ቢላት፣

«አባባ፣ ሰባት ዓመት የሰው በር ስከፍትና ስዘጋ ማንም ነውር ነው አላለኝም፤ የገዛ በሬን ስከፍት ነው ነውሩ የታያችሁ?» አለችው። ሽማግሌው ገባ። ተደግፎ ነው የገባው፤ ደጋፊዋ እሷ ናት።

ሼህ በሽር ያን ቀን ሲወርድ እጁን እያሻሸ ነው።

«አድማሴ፣ ይህቺ ልጅ ታማብኛለች» አለኝ። ልጅ የሚለው መኪናዋን ነው። «በፍጥነት እየሄድኩ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል። ወባ እንደያዘው ሰው።»

«ጎማ ነው» አልኩት።

ጎሚስታ ምን ሊል ይችላል? የዓይኑ ሐኪም ዓይን ነው ይላል፣ የጥርሱ ጥርስ ነው ይላል። ፈታሁ፣ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዞርኩ፣ ባላንስ ነው ብዬ የሚዛን እርሳስ ለጠፍኩ፣ በመጨረሻ ሁለት ጎማ ሸጥኩለት። መሪው በአዲስ ጎማ መንዘፍዘፉን ቀጠለ። ያኔ ሼህ በሽር አጥሩን ዞሮ ይርዳው ዘንድ ገባ። እኔ ወደ ቀዳዳዬ።

«መቼ መቼ ነው?» አለ ይርዳው።

«ፍሬን ስይዝ።»

«ሳትይዝስ?»

«ምንም የለም። ዝም ብላ ትሄዳለች።»

«እንግዲያ ጎማ አይደለም» አለ ይርዳው፣ ጮክ ብሎ፣ ወደ ቆርቆሮው ዞሮ። «ጎማ ቢሆን ኖሮ ሳትይዝም ያንቀጠቅጣት ነበር። ሰማህ አድማሴ?»

አልሰማሁም አልኩት።

ጫማውን አውልቆ ገባ። እኔንም እንደ ጭነት ከኋላ አስቀመጠኝ። ከከተማ ወጥተን አስፋልቱ ላይ ሰማንያ ስንደርስ፣ «ያዝ!» አለ። መሪው ሼህ በሽር እጅ ላይ ተንዘፈዘፈ። እኔ የተቀመጥኩበት ግን ደህና ነው።

«አድማሴ፣ ቂጥህን አንቀጠቀጠህ?»

«ኧረ ምንም።»

«ጥሩ። አሁን ደግሞ ፍሬኑን አትንካ፤ የእጁን ፍሬን ቀስ አድርገህ ሳብ።»

ሼህ በሽር ሳበ። መኪናዋ እንደ ጨዋ ልጅ ፀጥ ብላ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ እግሯን ነው» አለ ይርዳው። «ኋላዋ ደህና ነው። መሪው ላይ የሚመጣው ከፊት ነው። የፊቱ ዲስክ ተጣሟል።» ዲስክ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ሸራው ግራና ቀኝ የሚጨብጠው። ብረቱ ከተጣመመ ሸራው እኩል አይጨብጠውም፣ ይዘላል፤ ዝላዩ በመሪው በኩል እጅ ላይ ይመጣል። ይሄን የገለጸልኝ እሱ ነው። እኔ አሁን የራሴ አስመስዬ ነው የምናገረው።

ጋራዥ ስንገባ ፈረድኩ ብሎ ዝም አላለም፤ ማስረጃ ይወዳል። መምህርት መሰረት ከትምህርት ቤት የሰጠችውን ጠመኔ አወጣ። ጠመኔውን በሽቦ አስሮ ዲስኩ ጫፍ ላይ ሊነካው ሊነካው አድርጎ አቆመና ዲስኩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። ደህና ብረት ቢሆን ወይ ዙሪያውን ይነጣል ወይ ጭራሽ አይነካም። ይሄኛው አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ነጣ።

«ይኸው አበጠ» አለ።

ሼህ በሽር ጠመኔውን በጣቱ ጠረገ፤ እንደ እንባ።

ዲስኮቹ ደሴ ቶርኖ ቤት ሄደው እብጠታቸውን ተላጡ፤ ተመለሱ፤ ተገጠሙ። ይርዳው ጫማውን አደረገ። በሁለት ሳምንቱ መሪው ተንዘፈዘፈ። አዲስ ዲስክ ተገዛ፤ ተገጠመ፤ ይርዳው ጫማውን አደረገ። በሦስት ሳምንቱ ተንዘፈዘፈ። አሮጌዎቹን ዲስኮች ይርዳው ለመምህርት መሰረት ስለ ጠመኔዋ ሰጣት፤ አንዱን ደወል አደረገችው። እስከዛሬ ስድስተኛ ክፍልን የሚደግሙት ልጆች በእሱ ነው የሚገቡት።

ከአዲሱ ዲስክ በኋላ ይርዳው እኔን ያየኝ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎማ መልሰህ ስታስር ቡሎኑን እንዴት ነው የምታስረው?»

«እንዴት ይታሰራል? መፍቻው ላይ እወጣና እዘላለሁ።»

«ትዘላለህ?»

«ሁለት ጊዜ። ለሼህ በሽር ሦስት ጊዜ፣ ወዳጄ ስለሆነ።»

ይርዳው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ መፍቻውን ይዞ አሳየኝ። አንዱን ታስራለህ፣ ጎረቤቱን ትተህ ፊት ለፊቱ ያለውን ታስራለህ፣ እንደገና ተሻግረህ፤ ሁሉንም እኩል እኩል፣ ሳይዘለል። ባንድ ወገን ካጠበቅከው ብረቱን ትጎትተዋለህ አለኝ።

ሼህ በሽር ቆሞ ያያል። «አንተ ይርዳው፣ መኪናዬ ላይ መስቀል እያሠራኸው ነው እንዴ?»

«ስድስት ቡሎን ነው ሼኪ፤ ኮከብ በለው። ጨረቃዋን አንተ ጨምር።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ዝላይ ቢሆንስ እያልኩ ነው። ምክንያቱም ነገሩ ከቀልድ አልፎ ነበር።

ሰው የሼህ በሽር መኪና ጂን አለባት ማለት ጀምሯል። በዛች የምትባል ነጋዴ ወንበር ይዛ ከተቀመጠች በኋላ፣ «ቁልቁለት ላይ ብቻዋን የምትንቀጠቀጥ መኪና አልሄድባትም» ብላ ከነእቃዋ ወረደች፤ እሷ ስትወርድ አራት ሰው ተከተላት። አባተ የሚባል የደጎሎ ገብስ ነጋዴ ደግሞ፣ «እኔ ልግዛት፤ ገብስ ጂን አይፈራም» እያለ ይመላለሳል። ጅዳ ያለችው የሩፋይዳ የድሮ ማዳም ደግሞ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ቪዛው ዝግጁ ነው፣ እስከ አረፋ በዓል ቁርጡን ንገሪኝ ብላለች። አባቷ መኪናዋን ሸጦ ልጁን ቤት ሊያስቀምጣት፣ እሷ ደግሞ መኪናዋ ከተሸጠች ቤት ቁጭ ብዬ የሰው እጅ አልጠብቅም፣ እሄዳለሁ ብላ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር የቆመው። መኪናዋ ከዳነች ልጅቱ አለች። ካልዳነች ልጅቱ የለችም።

በቀዳዳው የሰማሁትን ልንገራችሁ። ሼህ በሽር የይርዳው ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል።

«ይርዳው» አለ፣ «ስትሄድ ልጅ ነበረች። ሰባት ዓመት በስልክ ነው ያሳደግኋት። ድምጿ ሲወፍር፣ ሲቀጥን፣ ሲያለቅስ፣ አላለቀስኩም ሲል ሰምቻለሁ። መልኳ ሲለወጥ ግን አላየሁም። አሁን እርጅናዬን በስልክ እንድታይ አልፈልግም።»

ይርዳው መፍቻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከዚያ፣ «ነገ ወንበር ያዝልኝ» አለው።

«ለምን?»

«ደሴ ደርሼ ልመለስ። እኔ እዚህ ሳክማት ትድናለች፤ መንገድ ላይ የሚይዛት ነገር አለ። እንደ ተሳፋሪ ሆኜ ልየው።» ወደ ቆርቆሮው ዞረና፣ «አድማሴም ይምጣ፤ ተከሳሹ በሌለበት አልፈርድም» አለ።

በማግስቱ ሄድን። ይርዳው ጋቢናው ውስጥ ጫማውን አውልቆ፣ እኔ ከኋላው፣ ሩፋይዳ በሩ ላይ። ሲሄድ ምንም የለም። ደሴ ዋልን። ሲመለስ መኪናዋ ሞላች፤ ስኳር ተጫነ፣ አንድ የብረት አልጋ ጣራ ላይ ታሰረ። ከሰዓት በኋላ ወደ ገርባ ወንዝ የሚያወርደው ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ደረስን። በጠጠሩ ጊዜ ይህን ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ነበር የምንወርደው፤ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ እየሄደ ከመኪናው ጋር ሲያወራ አይቻለሁ። አሁን አስፋልት ነው። ሼህ በሽር በአራተኛ ማርሽ እየለቀቃት፣ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች እንደረገጠ ወረደ። ይርዳው ግማሽ መንገድ ላይ አፍንጫውን ከፍ አደረገ።

«ይሸታል» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ዝም በል።»

ታች ወንዙ ጋ ስንደርስ የአስር ሰላት ደርሷል። ሼህ በሽር ዳር አስያዘ። ሙስሊሙ ተሳፋሪ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ውሃው ወረደ፤ እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ እግሩን ታጠበ። የእኛ ሰዎች ድንጋይ ፈለግን። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነው።

ሼህ በሽር እግሩን ታጥቦ ሲወጣ ሩፋይዳ ጀሪካን ሞልታ ይዛ ትጠብቀዋለች። ተቀበላት። ወደ መኪናዋ ሄደ። የፊት ቀኝ ጎማ ላይ፣ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል፣ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ።

ሽሽሽሽሽ! ጢሱ እስከ መስኮቱ ወጣ።

«እፎይ አለች!» አለ ሼህ በሽር፣ ደስ ብሎት። «ስትደክም ነው የዋለችው። እኛ ታጥበን እሷ ለምን አቧራዋን ተሸክማ ትቆማለች?» ወደ ግራው ዞረ። ሽሽሽሽሽ!

አንዲት አሮጊት፣ «ጠጪ እናቴ፣ ጠጪ!» አሉ።

ይርዳውን አየሁት። በባዶ እግሩ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የታመመ መስሎኝ ተጠጋሁ። እየሳቀ ነው። ወይም እያለቀሰ ነው፤ የይርዳው ሁለቱም ድምፅ የላቸውም።

«ጋሽ ይርዳው፣ ልንገረው?»

«ሰው ለሰላት እጁን አጥቦ ተነስቶ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። ይጨርስ።»

ጠበቅን። ሰገዱ። ሼህ በሽር ምንጣፉን አጥፎ ሲመጣ ይርዳው ተነሳ።

«ሼኪ፣ ይሄን ማጠብ መቼ ጀመርክ?»

«አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ነዋ። በጠጠሩ ጊዜ ቀስ ብለን ስለምንወርድ አትግልም ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ እግርህን ስትታጠብ ለሐኪም ትናገራለህ?»

ይርዳው እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። «የጋለ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትነክረው ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል።»

«ብረት አይሰነጠቅም። ይጣመማል።»

ሼህ በሽር መኪናዋን አየ። ጀሪካኑን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለ። «ጂኑ እኔ ነኝ? ላሳርፋት ብዬ... ይርዳው፣ ልጄን ልሰድ የነበርኩት እኔ ነኝ?»

«እኔም ነኝ አባዬ» አለች ሩፋይዳ። «ጀሪካኑን የሞላሁት እኔ ነኝ። ማዳም ቤት መኪና ጠዋት ማታ ነው የሚታጠበው፤ የራሴን እንዴት አቧራ ላይ ልተዋት ብዬ።»

እኔ በልቤ ዝላዬ እንዳልሆነ አውቄ ደስ ብሎኛል፤ ፊቴን ግን አዛኝ አስመስያለሁ። ሼህ በሽር ከዚያ ቦታ የሚነሳ አይመስልም ነበር። ይርዳው ቆይቶ፣

«ሼኪ፣ አንድ የሃይማኖት ነገር ልጠይቅህ» አለው።

«አሁን?»

«አሁን። ሰውየው በሽተኛ ነው እንበል፤ ውሃ ይጎዳዋል። ሰላት ይቀርበታል?»

«አይቀርበትም። ተየሙም ያደርጋል። ንጹሕ አፈር በእጁ ነክቶ ፊቱንና እጁን ያብሳል፤ ይበቃዋል። አላህ አላስጨነቀንም።»

«ይኸውልህ» አለ ይርዳው፣ ወደ መኪናዋ እያሳየ። «ይህቺ ውሃ የሚጎዳት በሽተኛ ናት። አፈር ደግሞ ከላይ እስከ ታች አላጣችም።»

ሼህ በሽር አየው። መጀመሪያ ጺሙ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ሳቀ፤ ኮፍያው እስኪወድቅ ድረስ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! ሳትሰልም ሙፍቲ ሆንክ እኮ! አላህ ይቅር ይበለን!» ሩፋይዳ በሩ ላይ ተንጠልጥላ እየሳቀች ዓይኗን በሻርፗ ትጠርጋለች። ያቺ አሮጊት ምን እንደተባለ ሳይገባቸው፣ «እሰይ፣ እሰይ» ይላሉ።

ዲስኮቹ እንደገና ደሴ ተላጡ። ይርዳው ሕግ አወጣ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬን እየተያዘ እየተለቀቀ። ወንዙ ጋ ሰውም ይሰግዳል፣ መኪናዋም ደርቃ ትቆማለች፤ ጀሪካን ከመኪናዋ ይውረድ። አድማሴ መፍቻ ላይ አይዘልም። የመጨረሻዋን ሲናገር ከሁሉም ይበልጥ ድምፁን ከፍ አደረገ።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ አረፋ ሦስት ቀን ቀረው። ይርዳው ሳይጠራ መጣና ጋቢና ገባ። ጫማውን አወለቀ። ሩፋይዳን አየና፣ «አንቺ መሐል ተቀመጪ፤ እጅሽን መሪው ላይ አድርጊ። በኋላ አልሰማሁም እንዳትይኝ» አላት።

«እሺ ጋሽ ይርዳው፣ እርስዎ ካሉ።»

እኔ እንደተለመደው ጭነት ነኝ። አስፋልቱ ላይ ወጣን። ሃምሳ። ሰባ። ሰማንያ።

«ያዝ!»

ሼህ በሽር ያዘ። መሪው የአባትና የልጅ እጅ ተሸክሞ፣ እንደተኛ ሕፃን ዝም አለ።

«ድገም።»

ደገመ። ዝም።

«አንዴ ደግሞ።»

እኔ ማሳል ፈልጌ ነበር፤ ዋጥኩት። ሦስተኛውን ስትቆም ይርዳው ዓይኑን ገለጠና ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አንዱ ከወንበሩ ስር ገብቷል፤ እስኪያገኘው ድረስ ሁላችንም ያንን ጫማ ነው የምናየው። አገኘው። አደረገው። ክሩን አሠረ።

ሩፋይዳ ከመኪናዋ ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች፤ ስልኳን አወጣች። በአረብኛ ነው ያወራችው፤ ብዙም አላወራችም። እኔ ከንግግሯ የገባችኝ «ኸላስ»፣ በቃ፣ የምትለው ናት፤ ሁለት ጊዜ አለቻት፤ የመጀመሪያዋ ቀጭን ነበረች፣ ሁለተኛዋ ወፍራም። ሼህ በሽር መሪው ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ከዚያ ልጅቱ ተመልሳ በሩን ይዛ፣ «ምን ታያላችሁ? ጉዞ የለም?» አለች።

የደጎሎው አባተ ገብሱን በሌላ ጫነ።

ይርዳው ካረፈ አሁን ብዙ ዓመቱ ነው። ሲያርፍ እስላሙም ክርስቲያኑም ተሸክሞት ሄደ። ቀብሩ ላይ ሼህ በሽር፣ «በጫማው ነው የቀበራችሁት?» ብሎ ጠየቀ። በጫማው ነው አልነው። «ጥሩ» አለ፤ «ነገሩ አምሮታል ማለት ነው።» ያኔ የኢሕአዴግ የመጨረሻ ዓመቶች ነበሩ። ቆርቆሮው አጥር አሁን ብሎኬት ሆኗል፤ ቀዳዳ የለውም። ምንም አይሰማም።

ዛሬ የምትነዳው ሩፋይዳ ራሷ ናት። አባቷ ጋቢና ተቀምጦ፣ «በሁለተኛ ውረጂ» ይላታል፤ በሁለተኛ እየወረደች እያለ ነው የሚላት። ገርባ ወንዝ ጋ ሲደርሱ እሱ ይሰግዳል። ሲነሳ ደግሞ ከመንገዱ ዳር አንድ ጭብጥ አፈር ያነሳና የፊት ጎማዎቿን መታ መታ ያደርጋቸዋል። ለይርዳው ማስታወሻ ነው፤ ለራሱ ፈገግ እያለ ነው የሚያደርገው። ሌሎቹ ሾፌሮች ያን አይተው ለመዱት። አሁን በዚያ መንገድ የሚወርድ ሚኒባስ ሁሉ፣ የክርስቲያንም የእስላምም፣ ወንዙ ጋ ቆሞ ጎማውን አፈር ሳያስነካ አያልፍም። አንዱን ጎረምሳ ሾፌር ለምን ታደርጋለህ ብዬ ጠየቅኩት።

«ድሮም የነበረ ነው፤ መንገዱ ይወዳል» አለኝ።

ልነግረው አልኩና ተውኩት። አፈሩን ሲነካ የሚቆይባት ጊዜ ፍሬኑን ታቀዘቅዝለታለች። ውሃ ደግሞ ማንም አያፈስም።